ጅቡ በእናት ድምፅ ሲናገር፦ በጅማ የቅዳሜ ማታ «ተረት ቤት» ለልጆች ምን ያህል ይስማማል?

ከሂርማታ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በሌላው ቀን ቡና ብቻ የሚሸጥበት ቤት ቅዳሜ ማታ ለልጆች ተረት የሚነገርበት ይሆናል። በሩ ላይ የተሰቀለ ስም የለውም፤ የሰፈሩ ሰው «ተረት ቤቱ» ይለዋል፣ የባጃጅ ሾፌሮችም በዚሁ አጠራር ያደርሳሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ወላጅ ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ለአንድ ልጅ 100 ብር ይከፍላል፤ በዚያው ሒሳብ ለልጁ ሻይና ዳቦ ይቀርብለታል፤ አዋቂው የጠጣውን ቡና ለብቻው ይከፍላል፤ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ተረት ይሰማል። የሚነገሩት ተረቶች አብዛኞቹ የሚያስፈሩ ናቸው። ጅብ አለ፣ ጭራቅ አለ፣ ሌሊት በር የሚያንኳኳ ድምፅ አለ። ከወዳጆቼ ጋር ስለ ቤቱ ስንነጋገር አስተያየታቸው ለሁለት የሚከፈለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግማሾቹ «ልጅን ገንዘብ ከፍሎ ማስፈራት ምን የሚሉት ነው?» ይላሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ልጆቻቸውን ይዘው በየሳምንቱ ይመላለሳሉ። እኔም የአምስት ዓመት ልጄንና የዘጠኝ ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ በተለያዩ ሳምንታት ስለሄድኩ፣ ያየሁትን በዝርዝር ብጽፈው ለሌሎች ወላጆች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቤቱ ስፋትና ውበት ብዙ የሚባል የለም። ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ መቀመጫው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ስለሆነ ለልጆች ቁመት እጅግ ይመቻል፣ ለአዋቂ ወገብ ግን እየቆየ ሲሄድ ይከብዳል። ቡናው እዚያው ተቆልቶና ተወቅጦ በጀበና የሚፈላ ጥሩ ቡና ነው፤ ጅማ ላይ ከዚህ ያነሰም አይጠበቅም። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በመሆኑ በክረምት ዝናቡ ሲያይል ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ከተረቱ ግማሹን አይሰማም። ይህ ሊስተካከል የሚገባው ነገር ነው።

ዋነኛዋ ተራኪ ልጆቹ «እማማ» የሚሏቸው አዛውንት ናቸው። ከከሰሉ ምድጃ አጠገብ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ መብራቱ ይጠፋና አንድ ፋኖስ ብቻ ይቀራል። «ተረት ተረት!» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት!» ብለው ካልመለሱ፣ ወይም አመላለሳቸው የላላ ከሆነ፣ ወላጆችም ጭምር አብረው እስኪመልሱ ድረስ አይጀምሩም። እኔ የሰማሁት ብዙ ሰው በአንድም በሌላም መልክ የሚያውቀውን ተረት ነው፦ እናት ልጆቿን ቤት ውስጥ ትታ ገበያ ትሄዳለች፤ «ድምፄን ሳትለዩ በሩን እንዳትከፍቱ» ብላ ታስጠነቅቃቸዋለች፤ አያ ጅቦም ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ ይህንኑ ይሰማል። መጀመሪያ መጥቶ በወፍራም ድምፅ «ልጆቼ፣ ልጆቼ፣ በሩን ክፈቱልኝ» ሲል ልጆቹ «የእናታችን ድምፅ ቀጭን ነው» ብለው ይመልሱታል። ጅቡ ይሄድና ጉሮሮው እስኪለሰልስ ድረስ ማር ይውጣል፣ ተመልሶም ያንኑ ቃል ይናገራል።

እማማ ችሎታቸውን ያሳዩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን የጅብ ድምፅ ጎርነን አድርገው ሲያመጡት ልጆቹ ፈገግ ብለው ነበር፤ ያ ድምፅ ከማን እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃልና። በሁለተኛው ጊዜ ግን ድምፃቸውን ምንም ሳያወፍሩ፣ ቀደም ሲል እናቲቱን ባናገሩበት በዚያው ለስላሳ ድምፅ «ልጆቼ፣ ልጆቼ» ሲሉ ቤቱ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ልጄ ጋቢዬ ሥር ገባች። የእህቴ ልጅ፣ ከፊት ለፊት ለመቀመጥ ሲጋፋ የነበረው፣ በርጩማውን ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። ልጅን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው የጥርስና የጥፍር ወሬ ሳይሆን የሚያምነው ሰው ድምፅ የሌላ ሆኖ መገኘቱ እንደሆነ አዛውንቷ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከዚያም ትረካውን አቆሙና ፊት ለፊታቸው ያሉትን ልጆች እያዩ «እንክፈት ወይስ አንክፈት?» ብለው ጠየቁ። «አንክፈት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን «እጁን ያሳየን» አለች። እማማ ይህን ሲሰሙ «በዚያም ቤት አንቺን የመሰለች ብልህ ልጅ ነበረች» አሉና ተረቱን በእሷ አሳብ ላይ ቀጠሉት፦ ትንሿ ልጅ «እማዬ፣ እጅሽን በበሩ ሥር አሳዪን» ትላለች፣ ጅቡ ይቸኩልና ጠጉራም መዳፉን ያስገባል፣ ልጆቹም ከምድጃው ፍም አንሥተው መዳፉ ላይ ያኖሩለታል። ጅብ እስከ ዛሬ እያነከሰ የሚሄደው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። (የእህቴ ልጅ ወደ ቤት ስንመለስ እውነተኛውን ምክንያት ስለጠየቀኝ ነገርኩት፤ የጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ነው አካሄዱ የሚያነክስ የሚመስለው። ሁለቱንም ማወቁ አስደሰተው።)

የተረቱ መዝጊያ ደግሞ በዚህ ቤት ትልቅ ቦታ የተሰጠው ነገር ነው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በአብዛኛው ቤት ግን ቃሉ ይባላል እንጂ ዳቦ አይቀርብም። እዚህ እማማ ይህን እንዳሉ መብራቱ ይበራል፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረው ድፎ ዳቦ ገና እየተነነ ይገባል፣ የመጀመሪያውንም ቁራሽ ለእማማ የሚያቀርበው ከልጆቹ አንዱ ይሆናል። ያን ምሽት ያቀረበችው የእኔ ልጅ ናት። ትንሽ ቀደም ብሎ በድምፃቸው ምክንያት ጋቢ ሥር የተደበቀች ልጅ ዳቦ ይዛ ወደ እኚያው ሴት በራሷ እግር መሄዷን ሳይ፣ ይህ ቤት የሚሸጠው አገልግሎት ምን እንደሆነ በደንብ ገባኝ። ፍርሃቱ የተጀመረው በሰው አፍ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ በመጨረሻ አያት ሆኖ ይገኛል። ልጅ የተሰጠው ፍርሃት እጁ ላይ አይቀርም፤ ይመልሰዋል።

«ልጅን ማስፈራት አይገባም» ለሚሉት ወዳጆቼ የምሰጠው መልስ ከዚህ ይነሣል። እኛ ወላጆች ልጆቻችንን በየቀኑ እናስፈራለን። «ዝም ካላልክ ጅቡን እጠራዋለሁ»፣ «ጭራቅ መጣ»፣ «ፖሊሱ ይወስድሃል»፣ «ሐኪሟ መርፌ ትወጋሃለች» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። እነዚህ ማስፈራሪያዎች መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ የላቸውም። ጅቡ ተጠርቶ ምን እንዳደረገ፣ ጭራቁ መጥቶ ወዴት እንደሄደ የሚነግር የለም፤ ልጁ ዝም ይላል፣ ወላጁ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ጅቡ ግን ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ይቀራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለልጁ መድኃኒት የሆነውን ሰው ጭራቅ ማድረጋችን ነው። መርፌን ለቅጣት ሲጠራ እየሰማ ያደገ ልጅ ለክትባት የመጣችውን የጤና ባለሙያ ሲያይ አልጋ ሥር ቢገባ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ተረት ከማስፈራሪያ የሚለየው በሚጠራው አውሬ አይደለም፤ አውሬው አንድ ነው። የሚለየው ልጁን ይዞት ገብቶ ይዞት በመውጣቱ፣ በመካከሉም ለልጁ የሚሠራው ነገር በመስጠቱ ነው። «እንክፈት ወይስ አንክፈት?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ፍርሃት ውስጥ ሆኖ ማሰብን ይለማመዳል።

በጅማ ላይ ይህ ነገር የበለጠ ትርጉም አለው፤ ጅቡ እዚህ የተረት ፍጡር ብቻ አይደለምና። ከከተማው ዳር ዳር ባሉ ሰፈሮች ሌሊት ጅብ ሲጮህ የሚሰማበት ጊዜ አለ፤ ድምፁ ኪሎ ሜትሮችን አቋርጦ ስለሚሰማ ልጅ ከበር ውጭ ያለ ሊመስለው ይችላል። ባላገሩ ልጁን ሲመሽ ብቻውን እንዳይወጣ፣ ለማያውቀው ሰው በር እንዳይከፍት ለማስተማር ከተረት የተሻለ መንገድ አልነበረውም፤ ትእዛዝ ይረሳል፣ ማር የዋጠ ጅብ ግን አይረሳም። ስለዚህ የሚያስፈራውን ሁሉ ከልጆች ተረት ውስጥ ጠርገን እናውጣ የሚለውን አሳብ አልቀበለውም። ጅቡን ከተረቱ ብናወጣው ከሰፈሩ አይወጣም፤ ልጁ ብቻ ሳይዘጋጅ ይቀራል።

የተረቱ አጨራረስ ወሳኝ መሆኑን የሌሎች አገሮች ተረትም ያሳያል። ቀይ ቆብ ያጠለቀችውን ልጅና የተኩላውን ተረት ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ሲያሳትመው ተኩላው አያቲቱንም ልጅቱንም ይበላና ታሪኩ እዚያው ያበቃል፤ የሚከተለው ለአንባቢ የተሰጠ የግጥም ምክር ብቻ ነው። ጀርመናውያኑ የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ባወጡት ግን አዳኝ ይመጣል፣ የተኩላውን ሆድ ይቀድዳል፣ ሁለቱም በሕይወት ይወጣሉ። ተኩላው በሁለቱም ያው ነው፤ ጫካውም ያው ነው። በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ለልጆች ሲነገር የኖረው ግን በአብዛኛው ልጅቱ የምትወጣበት ነው፤ ለምን እንደሆነ ልጅ ያስተኛ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

በዚህ ቤት ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እማማ በማይመጡባቸው ሳምንታት በእሳቸው ቦታ የሚቀመጠው አንድ ወጣት ነው። ድምፁ ያማረ፣ ተረት የሚወድ፣ ልጆችንም የሚያከብር ሰው መሆኑን መመስከር እፈልጋለሁ። ሆኖም ሁለት ነገሮች አስከፍተውኛል። አንደኛው ከስልኩ ጋር ባገናኘው ድምፅ ማጉያ የተቀዳ የጅብ ጩኸት ማሰማቱ ነው። ድምፁ በድንገት ሲለቀቅ ልጆቹ ደነገጡ፤ መደንገጥ ግን ፍርሃት አይደለም፣ ከውስጡም የሚማሩት የለም። የእማማን ዝግ ያለ ድምፅ ለሰማ ሰው ማጉያው ምንም የጨመረው ነገር አልነበረም። ሁለተኛውና ከባዱ ጭራቁ ልጅቱን በጆንያ ከትቶ ወደ ዋሻው ሲገባ ተረቱን «የሚቀጥለው ቅዳሜ እንቀጥላለን» ብሎ ማቋረጡ ነው። ደንበኛ ተመልሶ እንዲመጣ ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል፤ ለአዋቂ የሚቀርብ ተከታታይ ድራማም እንዲሁ ነው የሚደረገው። የአምስት ዓመት ልጅ ግን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ጆንያው ውስጥ ትቆያለች። ያን ማታ ልጄ ሳትተኛ ቆየች፤ «አሁንም እዚያው ናት?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ እኔና እናቷ ተባብረን ልጅቱን በመቀስ ጆንያውን አስቀድደን፣ በምትኳ ድንጋይ አስገብተን፣ ወንዙን አሻግረን ቤቷ ካደረስናት በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። በዚያ ምሽት ዳቦው ቀርቦ ነበር፤ ያላለቀ ተረት ላይ የቀረበ ዳቦ ግን መዝጊያ አይሆንም።

የዕድሜውም ጉዳይ መነሣት አለበት። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ዕድሜ ልጅ የታሰበውን ከሆነው በቅጡ ገና አይለይም፤ ጨለማንና ጭራቅን የሚፈራበት፣ ቅዠትም የሚበዛበት ጊዜ ይኸው ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ፍርሃቱ አይጠፋም፣ መልኩ ግን ይለወጣል፤ ከጭራቅ ይልቅ ሌባን፣ ሕመምን፣ የወላጅን ሞት መፍራት ይጀምራል። ለዚህ ነው አንድ ተረት የእህቴን ልጅ አስቆ የእኔን የሚያስለቅሰው። ቤቱ ሁለቱን በአንድ ሰዓት በአንድ ክፍል ያስቀምጣቸዋል። ለትናንሾቹ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት፣ ለትልልቆቹ ከዚያ በኋላ ቢደረግ ለሁሉም ይጠቅም ነበር። ወላጆችም ቢሆን ከዚህ ምሽት በኋላ ልጃቸው ሌሊት ቢነቃ ነገሩን ለይተው ማየት ይገባቸዋል፦ ወደ ሌሊቱ መጨረሻ ነቅቶ ያየውን ሕልም የሚናገር ልጅ ቅዠት ነው ያየው፣ ማቀፍና ማነጋገር ይበቃዋል፤ በተኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጮኾ የሚነሣ፣ ዓይኑ ተከፍቶ ሰው የማይለይ፣ በማግስቱም ምንም የማያስታውስ ከሆነ ግን ይህ የእንቅልፍ ሽብር የሚባለው ነውና በግድ መቀስቀስ አያስፈልግም፣ አጠገቡ ሆኖ እንዳይጎዳ መጠበቅ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ይህ ቤት ባይኖር ልጆቻችን ቅዳሜ ማታ ምን ያደርጉ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስልክ ይዘው ይቀመጡ ነበር። በስልክም የጅብና የጭራቅ ተረት ሞልቷል። ልዩነቱ ስልኩ የልጁን ፊት የማያይ መሆኑ ነው። እማማ አንድ ልጅ ከንፈሩን መንከስ ሲጀምር ጅቡን ትንሽ ያርቁታል፣ ሌላው ሲሰለች ያቀርቡታል፤ ተረቱ በየምሽቱ የሚረዝመውና የሚያጥረው በሰሚዎቹ ፊት ላይ ተመሥርቶ ነው። ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ እንኳ፣ በካሜራ ፊት ሆነውም፣ ልጆችን አጠገባቸው ያስቀምጡ ነበር። ተረት የሚነገረው ለሰው ፊት እንደሆነ ያውቁ ስለነበር ይመስለኛል።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጨምር። እማማ አንዱን ተረት በአማርኛ፣ አንዱን በአፋን ኦሮሞ ይናገራሉ፤ አንዳንዴም ጭራቁ በአንዱ ተናግሮ ልጆቹ በሌላው ይመልሱለታል። ጅማ ውስጥ ልጆች በሰፈር የሚጫወቱት እንዲሁ ስለሆነ ማንም አልተቸገረም። ወጣቱ በአማርኛ ብቻ ነው የሚናገረው፤ እዚህ ላይ ከእማማ ቢማር መልካም ነው። በትረካዎቹ መካከል የሚደረገው የ«እንቆቅልህ፣ ምን አውቅልህ» ጨዋታም ልጆቹ ትንፋሽ እንዲሰበስቡ ስለሚረዳ፣ ቢያጥር እንጂ እንዳይቀር እመክራለሁ።

ቅሬታዬን ለቤቱ ባለቤት በአካል ነግሬያቸዋለሁ። በጥሞና አዳመጡኝ፤ ተረት ከተጀመረ በዚያው ምሽት እንዲያልቅ እንደሚያደርጉ፣ የዕድሜውን ክፍፍል ግን የልጆቹ ቁጥር ሲጨምር ካልሆነ አሁን ማድረግ እንደማይችሉ ነገሩኝ። በኋላ በሄድኩበት ቅዳሜ ድምፅ ማጉያው እንዳለ ነበር፣ ወጣቱ ግን ተረቱን ጨርሶ፣ ጭራቁንም ገደል ከትቶ ነው መብራት የበራው። ስለዚህ ዋጋውን ከሚያገኘው ነገር ጋር ሳመዛዝነው 100 ብሩ አይበዛም። ወላጅ ከ12 ሰዓት ቀደም ብሎ ቢደርስ ከፊት ቦታ ያገኛል፤ ሲወጣ ጨልሞ ስለሚሆን የመመለሻ ባጃጁን አስቀድሞ ቢነጋገር ይሻላል፤ ለልጅም ሹራብ ይያዝ። ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ያለው ሰው እማማ የሚመጡበትን ሳምንት ጠይቆ፣ ከልጁ ጋር ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ይቀመጥ። ከዚያ በላይ የሆኑት በየትኛውም ሳምንት ቢሄዱ ጥሩ ምሽት ያሳልፋሉ።